ዘጠና ሁለት ፍራሽ

ጅቡቲ ለሥራ ስቀጠር የዋሸሁት አንድ ውሸት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሙሉ ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ ጎኑ እውነት ነው።

የፍራሽ ፋብሪካው ባለቤት ማዳም ሩቂያ የትምህርትና የሥራ ልምድ ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አዩና መነጽራቸውን አውልቀው «ፈረንሳይኛስ?» አሉኝ። ድሬዳዋ ተወልደው ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል።

«እችላለሁ» አልኳቸው።

የምችለው ሰላምታ፣ ምስጋና፣ የቀን ስሞች፣ ጥቂት ቃላትና ቁጥር ነበር። ቁጥሩንም እስከ ስልሳ። ስልኬ ላይ በጫንኩት ማስተማሪያ ስልሳ ከደረስኩ በኋላ ሰለቸኝና ተውኩት። «ከዚያ በላይ ያለው ያው ነው» ብዬ። አንባቢዎቼ፣ ያው አይደለም።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ኢንዱስትሪያል ምህንድስና ተምሬ፣ ሁለት ዓመት ፕላስቲክ ፋብሪካ ሠርቼ፣ ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ አጥቶ ሲዘጋ ጅቡቲ ካርቲየ ሰባት የሚባል ሰፈር የምትኖር አብሮ አደጌ «ነይ፣ እዚህ እንዳንቺ ዓይነት ሰው ይፈለጋል» ብላኝ ነው የመጣሁት። የተቀጠርኩት በምርት ዕቅድና ቁጥጥር ነው። ለማያውቀው ሰው ሲነገር ቀላል ነው። ምን፣ ስንት፣ በየትኛው ማሽን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ አስቀድሞ መወሰን ዕቅድ ይባላል። እንደተወሰነው መሠራቱን እየተከታተሉ ማየት ደግሞ ቁጥጥር። እኔ የመጀመሪያውን እወደው ነበር። ለሁለተኛው ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል፤ ታች ደግሞ ይሞቃል።

ቢሮዬ ፎቅ ላይ ነበር፤ ኤሲ አለው። በመስታወቱ በኩል የሠራተኞቹን አናት አያለሁ። ዕቅዱን ኮምፒውተር ላይ በአራት ቀለም አሳምሬ፣ አትሜ፣ ለፋራሕ እሰጠዋለሁ። አለቀ። ፋራሕ የስፖንጅ ቆረጣው ኃላፊ ነው፤ የባልባላ ሰፈር ልጅ፣ ሶማሌ። አማርኛ የተማረው ከኢትዮጵያ የከባድ መኪና ሾፌሮች ስለሆነ ግሱ ያንሳል፣ ስድቡ ይበዛል። ከታች ካሉት ሰዎች በስሙ የማውቀው እሱን ብቻ ነበር።

እንግዲህ በአንድ መስከረም፣ የቢሮው ጸሐፊ ታማ በቀረችበት ቀን፣ ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት። አንድ የሽማግሌ ድምፅ በፈረንሳይኛ ይናገራል። ታጁራ፣ ትምህርት ቤት፣ ረቡዕ የሚሉትን ለቀም ለቀም አደረግኩ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብሎ ያስተካከለው ይመስል፣ «ካትር ቫን ዱዝ ማትላ» አለ።

ማትላ ፍራሽ መሆኑን ከደጃፋችን ሰሌዳ ላይ አውቀዋለሁ። የቀረው ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ የእኔ ነው! ካትር፣ አራት። ቫን፣ ሃያ። ዱዝ፣ አሥራ ሁለት። ፋብሪካችን ሁለት ዓይነት ውፍረት ነው የሚሠራው፤ ተራው አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር፣ ወፍራሙ ሃያ። ስለዚህ ሰውየው አራት ወፍራምና አሥራ ሁለት ተራ ይፈልጋሉ። ከዚህ የበለጠ ምን ግልጽ ነገር አለ?

ጥንቁቅ ሠራተኛ ነኝና ደግሜ አረጋገጥኩ። «ካትር፣ ቫን፣ ዱዝ?» አልኩ።

«ዊ፣ ዊ! ካትር ቫን ዱዝ!» አሉ ሰውየው ደስ ብሏቸው።

ሁለታችንም አንድ ዓይነት ድምፅ አውጥተን በሁለት የተለያየ ነገር ተስማማን።

ረቡዕ ጠዋት አሥራ ስድስቱ ፍራሾች በላስቲክ ተጠቅልለው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና እያጓራ ገባ። ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ ሳቅሁ። «ለአሥራ ስድስት ፍራሽ ይህን የሚያክል መኪና! የሰው ነገር!» አልኩ ለራሴ። ከጋቢናው ሽርጥ ያገለደሙ፣ ነጭ ጢማቸውን ሂና የቀቡ ረጅም ሽማግሌ ወረዱ። የትምህርት ቤቱ ዕቃ ገዢ ሙሴ ሑመድ ናቸው። ፍራሾቹን አዩ። ከኋላቸው አዩ። ወደ ጓሮ ዞረው አዩ። ከዚያ ፋራሕን ጠርተው አንድ ነገር ጠየቁት፤ ፋራሕ ደግሞ አንገቱን አቅንቶ ወደ እኔ መስታወት አየ።

ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ።

«ትርሲት» አለ ፋራሕ፣ «ሽማግሌው ሌላው የት አለ ነው የሚሉት።»

«የቱ ሌላ? አራት፣ ሃያ፣ አሥራ ሁለት። ራሳቸው ናቸው ያሉኝ!»

«ምን ብለው?»

«ካትር ቫን ዱዝ።»

ፋራሕ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ እዚህ የማልጽፈውን አንድ ሙሉ የሾፌር ስድብ አወረደው። «ካትር ቫን ዱዝ እኮ ዘጠና ሁለት ነው!»

«እንዴት ሆኖ?»

«አራት ጊዜ ሃያ ስንት ነው?»

«ሰማንያ።»

«አሥራ ሁለት ጨምሪበት።»

ጨመርኩበት። ዘጠና ሁለት ሆነ። «ሰው ቁጥር ለመጥራት ሂሳብ ይሠራል እንዴ?» ብዬ ጮኽኩ። ጩኸቴን ሽፋን የሚሰፉት ሴቶች ሰምተው ማሽናቸውን አቆሙ። አንዷ ከኋላ ክክክ አለች። ሙሴ ሑመድ ግን አልሳቁም። በፋራሕ በኩል የነገሩኝ ይህ ነው፦ ልጆቹ ከየገጠሩ ቅዳሜ ይገባሉ። ወደ ታጁራ የሚሻገረው ጀልባ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ቀጣዩ ሰኞ ነው። መኪናው ግፋ ቢል ስምንት ሰዓት ከዚህ ካልወጣ ሰባ ስድስት ልጅ ሲሚንቶ ላይ ይተኛል።

ወደ ማዳም ቢሮ የወጣሁባቸው አሥራ አራት ደረጃዎች እስከ ዛሬ በእግሬ አሉ። ምንም አላስዋብኩትም። «ማዳም፣ ፈረንሳይኛ አልችልም። ስቀጠር ዋሽቼዎታለሁ። ዘጠና ሁለቱን አሥራ ስድስት አድርጌዋለሁ» አልኩና ዓይኔ እንባ ሞላ።

ማዳም ሩቂያ መነጽራቸውን አወለቁ። የከንፈራቸው ጠርዝ ሲንቀጠቀጥ ንዴት መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ እየታገላቸው መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

«ሁለት ሰዓት ከሩብ።»

«ማልቀሱን ለከሰዓት አቆዪው። ሥራሽ ዕቅድ አይደል? ሂጂ አቅጂ።»

ወርጄ መሬቱ ላይ ቆምኩ። የስፖንጅ ብናኝ ላቤ ላይ እየተጣበቀ፣ ማሽኑ ጆሮዬ ውስጥ እየገባ፣ በአምስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፋብሪካዬን ከፊት ለፊቱ አየሁት።

መጀመሪያ ስፖንጁ። ስፖንጅ ኬሚካሉ ተቀላቅሎ እንደ ሊጥ ኩፍ ካለ በኋላ ቀን ሙሉ ካልበረደ አይቆረጥም፤ ስለዚህ አዲስ መጋገር የማይታሰብ ነው። መጋዘን ውስጥ የበረዱ የነጠላ አልጋ ብሎኮች ዘጠኝ ብቻ አሉ። ከአንዱ ስድስት ፍራሽ ይወጣል፤ ሃምሳ አራት። ሃያ ሁለት ጎደለ።

«እነዚያስ?» አልኩ ጥግ ላይ የቆሙትን ሁለት ግዙፍ ብሎኮች እያሳየሁ።

«የባልና ሚስት አልጋ ናቸው» አለ ፋራሕ።

«መሐል ለመሐል ብንሰነጥቃቸው?»

ፋራሕ ብሎኮቹን ዞሮ ዞሮ አያቸው። «ባልና ሚስቱን እናፋታቸው ነው የምትይው?» አለና መጋዙን አስነሳ። ከሁለቱ ሃያ አራት ነጠላ ወጣ። ሁለት ትርፍ ሁሉ አገኘን!

ሽፋን የሚሰፉት ስድስት ሴቶች ናቸው፤ አለቃቸው ኻድራ ትባላለች፣ ያቺ ክክክ ያለችው። «እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ሁሉንም እናደርስልሻለን» ብላ በፋራሕ በኩል ነገረችኝ፤ ሰዓቱንም በጣቷ አሳየችኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ስፖንጁ ሽፋን ከለበሰ በኋላ አፉን ዙሪያውን የሚሰፋው መዝጊያ ማሽን አንድ ብቻ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ለአንድ ፍራሽ ስድስት ደቂቃ ብዬ መዝግቤዋለሁ። ሰባ ስድስት ጊዜ ስድስት ሲባዛ ከሰባት ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ጀልባው ታጁራ ደርሶ ሰዎቹ እራት ይበላሉ።

ማነቆው እዚያ ነው። ሌላው ክፍል ቢፈጥንም ቢሮጥም ሁሉም መጥቶ እዚያች ማሽን ጉሮሮ ላይ ይቆማል።

ማሽኑን የሚነዳው ዓብዲ የሚባል አጭር፣ ዝምተኛ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ሄጄ ፋራሕን አስተርጓሚ አድርጌ «እንዴት ብናደርግ ይፈጥንልሃል?» አልኩት።

ዓብዲ ማሽኑን አጥፍቶ ዞረ። ብዙ ተናገረ። ፋራሕ መሳቅ ጀመረ።

«ምን አለ?»

«አምስት ወር ሙሉ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር ይላል። ፎቅ ላይ ያለችው ልጅ ስድስት ደቂቃ ብላ ትጽፋለች፤ እኔ ግን የምሰፋው ሦስቱን ነው ይላል። በቀረው ሽፋን ሊያመጣ ይሄዳል፣ ስፖንጁን ያለብሳል፣ ያለቀውን ተሸክሞ እዚያ ድረስ ይወስዳል። እኔ ሰፊ ነኝ፣ ግማሽ ቀን ግን ኩሊ ነኝ ይላል።»

አንባቢዎቼ፣ ደረጃው ላይ ያላለቀስኩት ልቅሶ እዚህ ጋ ሊያመልጠኝ ነበር። ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድም ቀን አጠገቡ ቆሜ አላየሁትም።

«ዛሬ ከወንበርህ እንዳትነሳ» አልኩት።

ጥበቃውን ጠራሁ። አሻጊዎቹን ጠራሁ። የሙሴ ሑመድን ሾፌር ጠራሁ። ሁለት ሰው ስፖንጁን ያለብሳል፣ አንድ ሰው ዓብዲ እጅ ላይ ያደርሳል፣ አንዱ ያለቀውን ይወስዳል፣ እኔ ደግሞ ክር እያጠነጠንኩ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርን። የመጀመሪያው ፍራሽ ሦስት ደቂቃ ወሰደ። ሁለተኛውም ሦስት። በአሥረኛው ላይ ኻድራ ዘፈን አነሳች፣ ሴቶቹ ተቀበሉ፣ ስፖንጅ የሚያለብሱት በዘፈኑ ምት ማልበስ ጀመሩ፤ ዝምተኛው ዓብዲ ትከሻውን እየነቀነቀ ሲሰፋ ሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ። ካርቶን ቀድጄ ቁጥሩን በከሰል እየጻፍኩ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። በየአሥሩ ሁሉም እልል ይላል። አንዴማ ማዳም ከፎቅ ላይ እልል ሲሉ ሰማሁ።

አርባ ሁለተኛው ላይ ማሽኑ ጠሽ! ብሎ ቆመ። ሞተሩን ከማሽኑ የሚያያይዘው ቺንጋ ተበጥሷል። መለዋወጫ የለም።

ሴቶቹ ዘፈኑን አቋረጡ። ፋራሕ ግን አንዴ ተሳድቦ ሮጦ ወጣ። ከፋብሪካው ትንሽ ወረድ ብሎ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ጭነት የሚጠብቁበት ሜዳ አለ። እዚያ ድረስ በዚያ ፀሐይ ሮጠ። እኛ ቁጭ አልን። ያልተዘጉት ፍራሾች እየተከመሩ መጡ። መጀመሪያ ኻድራ አንዱ ላይ ጋደም አለች፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። ዞር ስል ሙሴ ሑመድ ከአራቱ ወፍራም ፍራሾች በአንዱ ላይ በጀርባቸው ተዘርግተው፣ ሂና ጢማቸው ወደ ጣሪያ ቆሞ፣ እያንኮራፉ ነው።

«ጥራት ቁጥጥር» አለች ኻድራ በፈረንሳይኛ፤ ይቺ እንኳ ገባችኝ። ሴቶቹ ሽማግሌውን እንዳይቀሰቅሱ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ጎስጉሰው ሲስቁ እንባቸው ወረደ።

አርባ ደቂቃ አልፎ ፋራሕ ቺንጋ እንደ ሐብል አንገቱ ላይ አጥልቆ ደረሰ። አንድ ሾፌር የራሱን መጠባበቂያ ሰጥቶታል። «ምን ብለህ አሳመንከው?» ብዬ ስጠይቀው «እናቱን አባቱን ሰድቤ ጀመርኩ፣ የአገሩ ሰው መሰልኩት» አለኝ። ቺንጋው ትንሽ ረዘም ያለ ቢሆንም ሞተሩን ገፋ አድርጎ አስተካከለው። ተነሳ! እልልታው ሙሴ ሑመድን አነቃቸው።

ያ አርባ ደቂቃ ግን ዋጋ አስከፈለን። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ አሥር ፍራሽ ቀርቷል። ጅቡቲ የኖረ ሰው ሰባት ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጫት የጫኑት መኪኖች ጡሩንባቸውን እየነፉ ከተማ የሚገቡበት ሰዓት ነው። የመንግሥት ቢሮ ይዘጋል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ሙግትም ይቋረጣል። እኛም ሥራ የምንጨርሰው ሰባት ሰዓት ነው። ጡሩንባው ከሩቅ ተሰማ። የዓብዲ እጅ ክሩ ላይ ቆመ። ሁሉም እጁን አየ።

ምን ልበለው? የሥራ ሰዓቱ አልቋል። ላዝዘው አልችልም።

በዚህ መሐል ማዳም ሩቂያ ደረጃውን ወረዱ። በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ትልቅ እሽግ ታቅፈዋል። አልፈውን ሄዱና የመጨረሻው ፍራሽ የሚደርስበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ጠርዙን ገለጥ አደረጉት። ለምለም ጫት ነው፤ መኪኖቹ ከተማ ሳይገቡ ሰው ልከው አስመጥተውት ኖሯል። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ።

ዓብዲ እሽጉን አየ፣ ማዳምን አየ፣ በሶማሊኛ አጉተመተመ።

«ክፉ ሴት ናት ይላል» አለ ፋራሕ። «ግን ትክክለኛውን መርጣለች ይላል።»

ከዚያ በኋላ ሦስቱ ደቂቃ ሁለት ሆነ። በማልበስ ልንደርስበት አቃተን! ሽፋን በጥርሳችን እየጎተትን፣ እየተጋጨን፣ እየወደቅን እያደረስን ነበር። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ካርቶኑ ላይ 76 ብዬ ስጽፍ ዓብዲ ማሽኑን አጥፍቶ ተነሳ፣ እንደ ሙሽራ ተሸክመን ጫቱ ጋ አደረስነው።

ዘጠና ሁለቱም መኪናው ላይ ተጭነው ሲያልቁ ጭነቱ ላይ እኔና ኻድራ ወጣን፤ «ገመዱ ቢላላ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል» የሚል ሰበብ ፈጥረን። እውነቱን ለመናገር መውረድ ስላልፈለግን ነው። ባልባላን እየቆረጥን ወደ ወደቡ ስንወርድ የባሕሩ ነፋስ ሻሻችንን ሊነጥቀን ይታገላል፣ የመንገድ ልጆች ይጮኹልናል፣ እኛም እንጮኻለን። ጀልባው አፉን ከፍቶ ቆሟል። የመጨረሻው ፍራሽ ሲገባ ሙሴ ሑመድ ወደ እኔ መጡና ሁለት እጄን ይዘው በዝግታ፣ ለሕፃን እንደሚያስተምሩ፣ «ካትር። ቫን። ዱዝ» አሉኝ። እኔም ደገምኩላቸው። ያን ጊዜ ነው የሳቁት፤ ጀልባው እስኪርቅ ድረስ ዳር ቆመው ሲስቁ ይታዩኝ ነበር።

ታሪኬ እዚህ ቢያልቅ ገጠመኝ እንጂ ሕይወቴን የቀየረ ነገር ባላልኩት። የዚያን ቀን ደስታ እንደ ስካር ስለነበር የዋሸሁ ሰው መሆኔን የረሳሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ማታ አብሮ አደጌ ቤት ስገባ ትዝ አለኝ፤ ማዳም «ይቅር ብዬሻለሁ» አላሉም። ዕቃዬን ሸከፍኩ። ሐሙስ ጠዋት ቁልፍ ላስረክብ ፎቅ ስወጣ ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛዬ የለም። ወንበሬም። ኮምፒውተሩም። ባዶ ወለል ብቻ።

«ማባረሩን ፈጠኑበት» አልኩ በልቤ።

ማዳም ከኋላዬ መጡ። «ምን ትፈልጊያለሽ እዚህ?» አሉኝ።

«ቁልፉን...»

«ጠረጴዛሽ ታች ነው። ዓብዲ አጠገብ። ፈረንሳይኛ ደግሞ ከጸሐፊዋ ጋር በየቀኑ አንድ ሰዓት ትማሪያለሽ፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ በራስሽ ጊዜ። ሁለተኛ ብትዋሺኝ ግን ከዚህ ፎቅ በመስታወቱ ነው የምትወርጂው።»

ሦስት ዓመት ሆነኝ። አሁንም እዚያው ነኝ። ይሞቃል፣ ብናኙ ቡናዬ ውስጥ ይገባል፣ በስልክ ለመነጋገር ጓሮ መውጣት አለብኝ። ወዳጆቼ፣ እናንተ ፋብሪካ ላትሠሩ ትችላላችሁ። ግን ስለ ሌላ ሰው ሥራ ስድስት ደቂቃ ብላችሁ የጻፋችሁት ነገር አይጠፋም፤ ሄዳችሁ ሳታዩት፣ ባለቤቱን ሳትጠይቁት። ያልገባኝን «ገባኝ» ማለት ያደረሰብኝን ያያችሁ ይመስለኛል። የባሰው ግን እሱ አልነበረም። የባሰው የሚያውቀው ሰው ሃያ እርምጃ ላይ ተቀምጦ እያለ አምስት ወር ሙሉ አለመጠየቄ ነው። የማላውቀውን መደበቅ ስላደከመኝ የሚያውቁትን ለማየት ጊዜ አልነበረኝም።

ያን ሐሙስ ወደ ታች ስወርድ ጠረጴዛዬ ከመዝጊያው ማሽን ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ዓብዲ ቀና ብሎም አላየኝም። ተቀመጥኩና የሚቀጥለውን ሳምንት ዕቅድ፣ ያንኑ ባለ አራት ቀለሙን፣ አትሜ ዘረጋሁት። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ ጥላ መጣ። ዓብዲ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ ወረደ፤ ማክሰኞ ላይ ቆመ። ከዚያ በሰባራ አማርኛ፣ ረጋ ብሎ፣

«ይህ አይሆንም» አለኝ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ወንበሬን ወደ እሱ አዞርኩ።

«ለምን?» አልኩት።